አልቤንዳዞል 400 ሚሊግራም፦ የቱን ትል ያወጣል፣ የቱ ላይ አቅም ያጣል?

ስለ አልቤንዳዞል የሚሰማው አስተያየት ለሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ «አንዲት ክኒን ውጬ ተገላገልኩ» ይላል፤ ሌላው «ሦስት ጊዜ ወሰድኩ፣ ሆዴ ያው ነው» ብሎ ያማርራል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ክኒኑ «የትል መድኃኒት» በሚል አንድ ስም ይሰጥ እንጂ ጉልበቱ ከትል ትል በጣም ይለያያል። ወስፋት ላይ ፍቱን የሆነው መጠን ጅራፍ ትል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይከሽፋል፤ ብልሃርዝያ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። ስለዚህ እዚህ የምንመዝነው በየትሉና በየአወሳሰዱ ነው።

አልቤንዳዞል ቤንዚሚዳዞል ከሚባለው የመድኃኒት ቤተሰብ ነው፤ ሜቤንዳዞልም የቅርብ ዘመዱ ነው። በ1970ዎቹ ለእንስሳት ተሠርቶ በ1980ዎቹ ወደ ሰው ሕክምና ገባ። ዘንቴልን በመሳሰሉ የንግድ ስሞችም፣ በመድኃኒቱ ስም ብቻም ይሸጣል። በብዛት የሚገኘው 400 ሚሊግራም የሚታኘክ ክኒን ነው፤ ለሕፃናት ደግሞ ሽሮፕ አለው።

ክኒኑ ትሉን በአንድ ምት አይጥለውም። ከትሉ ሴል ውስጥ ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ቱቡሊን እየተደረደረ ለሴሉ እንደ ማገርም እንደ ማጓጓዣ መስመርም የሚያገለግሉ ቀጫጭን ክሮች ይሠራል። ይህ ሲቋረጥ ትሉ ስኳር መምጠጥ ያቅተዋል፣ ያጠራቀመው ስንቅ ያልቃል፣ በርሃብ ደክሞ ይሞታል። ይህ ሁሉ ቀናት ይፈጃል። «ትናንት ወሰድኩ፣ ዛሬ ምንም አልወጣም» ብሎ ሁለተኛ ክኒን መድገም እዚህ ላይ የሚፈጸም የተለመደ ስህተት ነው። ወስፋት ከሆነ በቀጣዮቹ ቀናት ሲወጣ ሊታይ ይችላል። የመንጠቆ ትል ግን ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ቢወጣም ከሰገራ መሐል በዓይን ለይቶ ማየት የሚጠበቅ አይደለም። ትል አለማየት መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

ስለ ምግብ የሚሰጠው ምክር እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። አንዱ ባለሙያ «እንደተመቸህ ውሰደው» ይላል፣ ሌላው «ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሁን» ይላል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አልቤንዳዞል በውሃ የማይሟሟ ያህል ስለሆነ ከተዋጠው መጠን ወደ ደም የሚገባው ከ5 በመቶ በታች ነው። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ግን በደም ውስጥ የሚደርሰው መጠን እስከ አምስት እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ትሉ አንጀት ውስጥ ከሆነ መድኃኒቱ እዚያው አንጀት ውስጥ መቅረቱ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም፤ ስለዚህ ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል የምግቡ ጉዳይ አያስጨንቅም። ትሉ ጉበት፣ ሳንባ ወይም አንጎል ውስጥ ከረጢት ሠርቶ ከተቀመጠ ግን መድኃኒቱ በደም ተጉዞ መድረስ አለበት፤ ያኔ ከቅባት ጋር መውሰዱ የሕክምናው ክፍል ነው። ባዶ ሆድ ላይ ለወራት ሲወስድ የቆየ የሃይዳቲድ ሲስት (የውሻ ትል እጭ በጉበት ወይም በሳንባ የሚሠራው ከረጢት) ሕመምተኛ ክኒኑን ሳያቋርጥ የሕክምናውን ብዙ ክፍል ሊያጣ ይችላል።

ወደ ትሎቹ እንምጣ። ወስፋት ላይ ከአምስት አምስት እንሰጠዋለን። በአንድ 400 ሚሊግራም ብቻ ከመቶ ሕመምተኛ ወደ ዘጠና ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ይነጻል። ሴቷ ወስፋት ከ20 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፣ በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። ይህን የሚያህል ትል በአንድ ክኒን ማስወጣት ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ብዙ ወስፋት ተጠቅልሎ አንጀት የዘጋበት ልጅ ሆዱ ይነፋል፣ ደጋግሞ ያስመልሰዋል፣ ሰገራና ፈስ ይቆምበታል። እንዲህ ያለው ልጅ ወደ ሆስፒታል እንጂ ወደ ክኒን አይወሰድም። ክኒኑን ከወሰዱ በኋላ አልፎ አልፎ ወስፋት በአፍ ወይም በአፍንጫ የሚወጣበት ጊዜም አለ፤ ያስደነግጣል፣ ነገር ግን የተረበሸ ትል ቦታ መቀየሩ ነው።

አልቤንዳዞል ከዘመዱ የሚበልጥበት ቦታ የመንጠቆ ትል ነው። አንድ ጊዜ ሲሰጥ ከመቶው ከሰባ እስከ ሰማንያ የሚሆነውን ያድናል፤ ሜቤንዳዞል በአንድ ዶዝ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። የመንጠቆ ትል መኖሩ በሰገራ ምርመራ ከታወቀ፣ ሁለቱም መድኃኒቶች መደርደሪያው ላይ ካሉና ሌላ የሚከለክል ነገር ከሌለ አልቤንዳዞልን መምረጥ ነው። እዚህ ላይ የሚረሳው የደም ማነሱ ነው። ትሉ የአንጀቱን ሽፋን ነክሶ ደም ይመጥጣል፤ ኔካቶር የሚባለው ዓይነት በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አንኪሎስቶማ ዱኦዴናሌ የሚባለው ደግሞ እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር። መቶ አንኪሎስቶማ የተሸከመ ሰው እንግዲህ በየቀኑ እስከ 20 ሚሊ ሊትር ደም ያጣል ማለት ነው። ክኒኑ ትሉን ያነሳል፤ የፈሰሰውን ደም ግን አይመልስም። ድካሙና ፊት መገርጣቱ ክኒኑ ከተወሰደ በኋላም ለሳምንታት የሚቀጥለው አይረን ስላልተሰጠ ነው። የደም መጠን ተለክቶ፣ አይረኑ ለወራት ካልተወሰደ ሕክምናው ግማሽ ነው።

ጅራፍ ትል ላይ ግን ከአምስት አንድ ተኩል በላይ አይገባውም። አንድ ዶዝ ተወስዶ ሙሉ በሙሉ የሚነጻው ከመቶው ሠላሳ ገደማ ብቻ ነው። ምክንያቱ የትሉ አቀማመጥ ነው። ርዝመቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ እንደ ጅራፍ የቀጠነው የፊት ክፍሉ በትልቁ አንጀት መጀመሪያ ላይ በሽፋኑ ውስጥ እንደ ክር ተሰፍቶ ይቀመጣል፤ ወደ ውጭ የሚታየው ወፍራሙ የኋላ ክፍል ብቻ ነው። አንጀት ውስጥ የሚያልፈው መድኃኒት ራስጌውን በደንብ አያገኘውም። ስለዚህ ምርመራው ጅራፍ ትል ካለ፣ 400 ሚሊግራሙ በቀን አንዴ ለሦስት ቀን ቢሰጥ ይሻላል፤ አይቨርሜክቲን ከሚባል ሌላ የትል መድኃኒት ጋር ሲጣመር ደግሞ ውጤቱ በግልጽ ይጨምራል። ሁለቱን በአንድ ክኒን ያጣመረ አዲስ ምርት በ2025 ከአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ አዎንታዊ የሳይንስ አስተያየት አግኝቷል። ለዓመታት በአንድ ዶዝ ሲታለፍ የኖረ ትል ስለሆነ ይህን ምርት በጉጉት እንጠብቀዋለን።

የመቀመጫ ማሳከኩ ማታ ማታ የሚብስበት ልጅ ፒንዎርም ሊኖርበት ይችላል። ይህ ትል እንቁላሉን የሚጥለው ሌሊት ወጥቶ በመቀመጫ ዙሪያ ስለሆነ በተለመደው የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ማለዳ፣ ከመታጠብና ከመጸዳዳት በፊት፣ የሚያጣብቅ ግልጽ ፕላስተር መቀመጫው ላይ ጫን አድርጎ አንስቶ በመስታወት ስላይድ ላይ ለጥፎ ለላቦራቶሪ መስጠት ነው። አልቤንዳዞል አንድ 400 ሚሊግራም ተወስዶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። የሚደገመው የመጀመሪያው ክኒን ደካማ ሆኖ አይደለም፤ እንቁላል ስለማይገድልና በሁለተኛው ዙር አዲስ የተፈለፈሉት ስለሚያዙ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ካልወሰደ፣ ጥፍር ካልተቆረጠ፣ የአልጋ ልብስና ሙታንታ በሙቅ ውሃ ካልታጠበ ትሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ይመለሳል። አንሶላውን ሲያነሱ አያራግፉት፤ እንቁላሉ ክፍሉ ውስጥ ይበተናል።

ስትሮንጂሎይደስ የሚባለውን ትል ማለፍ አንችልም፤ ምክንያቱም ስህተቱ ሕይወት ያጠፋል። ይህ ትል ከሌሎቹ በተለየ በሰውዬው ሰውነት ውስጥ ራሱን እየተካ ለአሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አንድ ዶዝ አልቤንዳዞል አያወጣውም። የመጀመሪያ ምርጫው በኪሎ 200 ማይክሮግራም የሚታሰብ አይቨርሜክቲን ነው፤ አልቤንዳዞል እዚህ የሚገባው በቀን ሁለቴ ለበርካታ ቀን፣ በተተኪነት ብቻ ነው። ይህን ትል የተሸከመ ሰው ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ወይም ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የመሰለ ስቴሮይድ (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) ሲጀመርለት ትሉ በገፍ ተባዝቶ መላ ሰውነቱን ሊወርር ይችላል። «የትል መድኃኒት ወስጃለሁ» የሚለው መልስ ለሐኪሙ በቂ አይደለም፤ የቱን፣ ስንት ቀን የሚለው መጠየቅ አለበት።

ኮሶ ላይ የተሻሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ፕራዚኳንቴል በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም አንዴ፣ ወይም ለአዋቂ 2 ግራም ኒክሎሳማይድ። ብልሃርዝያ ደግሞ በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ሌላ ዓይነት ትል ነው፤ እዚያ አልቤንዳዞል ዜሮ ነው። የሚሠራው ፕራዚኳንቴል ሲሆን መጠኑ በኪሎ 40 ሚሊግራም ነው። ከሐይቅ ወይም ከወንዝ ውሃ ገብቶ ከወጣ በኋላ ሽንቱ ወይም ሰገራው ደም የቀላቀለ ሰው አልቤንዳዞል ወስዶ ቢጠብቅ የሚያባክነው ጊዜውን ነው። አሜባም ትል አይደለም፤ በዚህ ክኒን አይታከምም።

ከሁሉ የምንፈራው አጠቃቀም ግን የአንጎሉ ነው። የአሳማ ኮሶ እጭ አንጎል ውስጥ ከረጢት ሠርቶ ሲቀመጥ የሚጥል በሽታ ያስከትላል። አልቤንዳዞል ከረጢቱን ሲገድለው አካባቢው ይቆጣል፣ ያብጣል፤ መንቀጥቀጡና ራስ ምታቱ ይብሳል። ስለዚህ ሕክምናው የሚጀመረው ምስል ተነስቶ፣ ዓይን ታይቶ፣ ስቴሮይድና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ተደርቦ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ መንቀጥቀጥ ያለበት ሰው በገዛ ራሱ ይህን ክኒን አይጀምር። የሃይዳቲድ ሲስት ሕክምናም እንዲሁ የሆስፒታል ሥራ ነው፦ 60 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ አዋቂ 400 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ለወራት፣ በየሁለት ሳምንቱ የጉበትና የነጭ ደም ሴሎች ምርመራ እየተደረገ። በአንድ ዶዝ ላይ የሚያጋጥመው የሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ቶሎ ያልፋል፤ በረጅሙ ሕክምና ግን ጉበት ሊጎዳ፣ ፀጉር ሊረግፍ፣ መቅኒው ነጭ ሴል ማምረት ሊያንስ ይችላል።

አሁን ስለ ምርቱ ራሱ። ክኒኑ ትልቅ ነው፤ በጥርስ ሲሰበር እንደ ጠመኔ ይፈረካከሳል፣ ብዙዎቹ አምራቾች የፍራፍሬ ጣዕም ይጨምሩበታል። በደንብ አኝኮ በውሃ ማወራረድ ነው። ድፍኑን ተውጦ የወረደ ክኒን በቅጡ ካልፈረሰ በትሉ ላይ የሚያርፈው መድኃኒት ያንሳል። ሳይታኘክ የሚዋጥ ተብሎ የተሠራ ሌላ ዓይነትም ስላለ ማሸጊያው ላይ «የሚታኘክ» የሚለውን ማየት ያስፈልጋል። ለትንሽ ልጅ ክኒኑን በሁለት ማንኪያ መካከል አድቅቆ በትንሽ ውሃ ማቅመስ ይሻላል። የሚያለቅስና የሚታገል ልጅ አፍንጫውን ይዞ ማጋት አደጋ ነው፤ ትን ብሎት መተንፈሻው ሊዘጋ ይችላል። እስኪረጋጋ ይጠበቅ፣ ካልሆነ ሌላ ቀን ይሰጥ።

መጠኑ በዕድሜ ነው፤ ከ12 እስከ 23 ወር ላለ ሕፃን 200 ሚሊግራም፣ ማለትም ግማሽ ክኒን፤ ከ2 ዓመት ጀምሮ እስከ አዋቂ 400። «ልጅ ስለሆነ» ተብሎ ለስድስት ዓመት ልጅ ግማሽ መስጠት ትክክል አይደለም፤ ትሉ የሚያገኘው መድኃኒት እንጂ የልጁ ኪሎ አይደለም እዚህ የሚወስነው። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ያለ ሐኪም አይሰጠው።

ሽሮፑ ላይ ያለን ቅሬታ ስለ ጥራቱ ሳይሆን ስለ አወሳሰዱ ነው። መድኃኒቱ ስለማይሟሟ ጠርሙሱ ሲቀመጥ ዱቄቱ ታች ይዘቅጣል። ያልተነቀነቀ ጠርሙስ ብርሃን ላይ ቢያዩት ላዩ ቀጠን ያለ ፈሳሽ፣ ታቹ ወፍራም ነጭ ዝቃጭ ነው። ላይ ላዩን ቀድቶ የጠጣ ልጅ ጣዕሙን እንጂ መድኃኒቱን አላገኘም፤ ታቹን የጠጣው ወንድሙ ደግሞ የሁለት ሰው ይወስዳል። ዝቃጩ ከጠርሙሱ ወለል ተላቆ ፈሳሹ አንድ ዓይነት እስኪሆን አጥብቆ መነቅነቅና ወዲያው መቅዳት ነው። ጥንካሬውም ሁለት ዓይነት ነው። በ5 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም የያዘው ከሆነ 400 ለማግኘት 20 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፤ በ5 ሚሊ ሊትር 200 የያዘው ከሆነ 10 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሁለቱም ጠርሙሶች ትንንሽና ተመሳሳይ ስለሆኑ ባለፈው «አንድ ጠርሙስ» የጠጣ ሰው በዚህኛው ግማሽ ዶዝ ሊወስድ ወይም እጥፍ ሊወስድ ይችላል። የቤት ማንኪያ ሳይሆን ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይጠቀሙ።

ሲገዙ የማለቂያውን ቀን፣ የምርት ቁጥሩን፣ የማሸጊያውን ፎይል አለመቀደድ ይመልከቱ። ክኒኑ ሳይነካ ከማሸጊያው ውስጥ የተፈረፈረ፣ የረጠበ ወይም ነጠብጣብ ያወጣ ከሆነ አይውሰዱት፤ ሙቀትና እርጥበት ያለበት ቦታ እንደቆየ ያሳብቃል።

ማን አይውሰደው? እርግዝና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ላይ ያለች ሴት አትወስድም። ከዚያ በኋላ የመንጠቆ ትልና የደም ማነስ በብዛት ባለበት አካባቢ የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች እንዲሰጥ ይመክራል፤ ውሳኔው ግን የሚከታተላት ባለሙያ ነው። የወር አበባዋ የዘገየ ሴት መጀመሪያ ትመርመር። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም መናገር አለበት፤ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታል በደም ውስጥ ያለውን የአልቤንዳዞል መጠን ይቀንሳሉ። ለአንድ ዶዝ ብዙ አያሳስብም፤ ለአንጎሉ ከረጢት ግን ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ስለሚታዘዙ እውነተኛ ችግር ነው።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን ሰዎች የሚፈርዱት በሆድ ቁርጠት ነው። ይህ መለኪያ አያዋጣም፤ ቁርጠት ከትል ውጭ ብዙ ምክንያት አለው። ትክክለኛው መንገድ ከተወሰደ ከ14 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ሰገራ ደግሞ ማስመርመር ነው። ከዚያ በፊት ከተመረመረ ቀድሞ የተጣሉ እንቁላሎች ገና እየወጡ ስለሚሆን ሕክምናው የከሸፈ ይመስላል። በጣም ከዘገየ ደግሞ ነባሩ ትል ይሁን አዲስ አይለይም፤ የወስፋት እንቁላል ከተዋጠ በኋላ አድጎ ራሱ እንቁላል እስኪጥል ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳልና። በሦስተኛው ሳምንት እንቁላል ከተገኘ መድኃኒቱ አልጨረሰውም፤ ከአምስት ወር በኋላ ከተገኘ ግን ክኒኑን ከመውቀስ በፊት መጸዳጃው፣ እጅ መታጠቡና በባዶ እግር መሄዱ መታየት አለበት። አልቤንዳዞል እንደ ክትባት አይጠብቅም። በሰውነት ውስጥ ዞሮ የሚሠራው ቅርጹ በደም ውስጥ ለግማሽ መውረድ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ብቻ ይበቃዋል፤ በሳምንቱ የተዋጠ አዲስ እንቁላል የሚያገኘው መድኃኒት የለም።

ምርመራው ካቶ ካትዝ በሚባለው፣ በስላይድ ላይ የሰገራ እንቁላል በሚቆጠርበት ዘዴ ከሆነ ናሙናው 41.7 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ተባዝቶ የአንድ ግራም ቁጥር ይወጣል። የመንጠቆ ትል እንቁላል በዚህ ስላይድ ላይ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ካልታየ በግሊሰሪኑ ነጥቶ ይጠፋል። ጠዋት የተሠራ ስላይድ ከሰዓት ታይቶ «የመንጠቆ ትል የለም» ከተባለ ውጤቱ ላይ መተማመን አይቻልም፤ የወስፋትና የጅራፍ ትል እንቁላል ግን በዚያው ስላይድ ላይ ቆይቶም ይታያል።